የራስ ተፈሪ ቤት በባትሪ ብርሃን

ከድሬዳዋ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማው ደንገጎ ዳገት ላይ ፈነዳ። ሐረር ፈረስ መጋላ ስደርስ ዓርብ ነውና ለጁምአ ሱቁ ሁሉ በሩን እየገጠመ ነበር። የራስ ተፈሪን ቤት የጠየቅሁት ጎረምሳ ሳያመነታ ከፊቴ ቀደመና በጠባቡ መንገድ ይዞኝ ነጎደ። ያደረሰኝ ግን ራምቦ ቤት ነው፤ እሱም ተዘግቷል።

አልተቀየምኩትም። ሁለቱም ቤቶች የህንድ ነጋዴ ያሠራቸው፣ በእንጨት ሥራቸው በግንብ ከታጠረው ጀጎል የድንጋይ ቤቶች የሚለዩ፣ ተቀራርበው የቆሙ ናቸው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ቡናና ቆዳ ነግዷል። በስሙ የሚጠራው ቤት የተሠራው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ቢሆንም እንዳማረበት መቆሙ ደስ ይለኛል።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ዶፍ ወረደ። መንገዱ በደቂቃ ውስጥ ጅረት ሆነ። ከአንድ ግቢ በር ላይ አንዲት እናት “ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስደበድብሃል!” አሉኝ። ጃኬቴን ተቀብለው አሰጡልኝና መደብ ላይ አስቀመጡኝ።

የሐረሪን ቤት አሠራር ያወቅሁት እዚያ ነው። ሳሎኑ አምስት መደብ አለው፤ ከፍታቸው ይለያያል፣ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተለየ ነው። ግድግዳው ላይ ስፌቱና ሳህኑ ጥግ ለጥግ ተሰቅሏል። ወለሉና የመደቦቹ ፊት ቀይ ነው። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል፤ እሳቸውም እንደዚያው ነገሩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አየሁ። “ያልተዳረች ልጅ አለችኝ ማለት ነው” አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ የራስ ተፈሪ ቤት ተከፈተ፤ መብራት ግን ጠፍቷል። ጠባቂው “ከሩቅ የመጣ እንግዳማ አይመለስም” ብሎ በባትሪ አስጎበኘኝ። በ1903 ዓ.ም. ከወይዘሮ መነን ጋር የተጋቡት ተፈሪ መኮንን የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እዚህ ነው ይላሉ። ዛሬ ቤቱ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ስብስብ ማደሪያ ነው። ሰውየው ሙዚየሙን የጀመሩት በገዛ መኖሪያቸው ነበር፤ የከተማውን ቅርስ በየቤቱ ተዘዋውረው ሰበሰቡ። ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጥ፣ የድሮ ሙዚቃ ሳይቀር አለ።

እኔ የቆምኩት መጻሕፍቱ ዘንድ ነው። ጠባቂው ባትሪውን የብራና ቀለም በመሰለ በአንድ መጽሐፍ የቆዳ ሽፋን ላይ በአግድም ሲያበራ በእጅ የተቀረጸው የመሐሉ ጌጥና ዙሪያውን የሚከበው ሐረግ ብድግ ብሎ ታየ፤ በቀጥታ ብርሃን ቢሆን ልሙጥ መስሎ ባለፈኝ ነበር። ከጀርባው የሚዞረው ክዳን ወደ ፊት ለፊቱ ይታጠፋል፤ ገጹን ከአቧራ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሐረር በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ናትና ይህን የእጅ ሙያ ማቆየት ሕንጻውን ከማደስ አያንስም። እንዲህ ያለ ሀብት የያዘ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር በጨለማ መዋጥ የለበትም፤ የሚመለከታቸው ሁሉ ይሄን ቢያስቡበት ምን አለ?

ጃኬቴን ልወስድ ስመለስ እናታችን ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሙዚየሙ ውስጥ በመስታወት የታጠረ ስፌት አይቼ ነበርና፣ ከግድግዳቸው ላይ ያለውን ትልቁን እያሳየሁ ለሙዚየም ይሰጡት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ ስትዳር ግድግዳዬ ባዶ ሊሆን ነው? እሷ ሌላ ትስፋላቸው!” አሉኝ።

ልጅቱ ከጓዳ ሳቀች። እውነታቸውን ነው፤ ስፌቱ እዚያው ይሰቀል።