ና፣ ና፣ ና… በቃ!

ሐዋሳ ውስጥ መኪና ለማቆም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል። አስተዳደሩ ምልክቱን የተከለው ከመንገዱ ዳር ነው፣ መስመሩንም የቀባው አስፋልቱ ላይ ነው፤ የባለመኪናው ዓይን ግን ዛፍ ነው የሚፈልገው። ቀትር ላይ ፀሐይ የጠጣ መኪና ውስጥ መሪው ምጣድ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ረፋድ ላይ አንዱ የመንገድ ዳር በመኪና ጢም ብሎ ማዶው ባዶ ይሆናል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ደግሞ ከየቢሮው ቁልፍ የያዘ ሰው እየወጣ መኪናውን ያሻግራል። ይህን ፈረቃ ያወጣ ምክር ቤት የለም። ከከተማው ደንቦች ሁሉ በደንብ የሚከበረው ግን እሱ ነው።

ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ስትቆረቆር የብስክሌት አገር እንድትሆን የተፈጠረች ትመስል ነበር፤ ብስክሌቱም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ከዚያ ባጃጁ መጣ። በ2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ በ2012 ደግሞ የሲዳማ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆነች። ቢሮ ሲበዛ የቢሮ መኪና ይበዛል፤ የቢሮ መኪና ሲበዛም ጥላው ያንሳል።

ደንቡን የማያውቅ የለም። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ዜብራ ላይ፣ አደባባይ ውስጥና መታጠፊያ አፍ ላይ መቆም ክልክል መሆኑን ተፈትኖ አልፏል። ነገር ግን አራቱንም ፍሬቻ ያበራ ሰው ከሕግ በላይ የሆነ ይመስለዋል። «አንድ ደቂቃ ነው» ብሎ ይወርዳል። ያቺ አንድ ደቂቃ ማኪያቶ ታዝዞ፣ ቀዝቅዞ፣ ሌላ እስኪታዘዝ ትቆያለች። ትራፊኩም አይጮህም፣ አይጣላም፤ ካቻቢቴውን ይዞ ጎንበስ ይልና ታርጋውን ይፈታል። ባለመኪናው ሲመለስ መኪናው ከነፍሬቻው ቆሞ ያገኘዋል፤ ያለ ታርጋ ግን የትም አይወስደውም።

በሕጋዊው ቦታ ደግሞ ተደራጅተው ሥራውን የያዙት ወጣቶች አሉ፤ ሰደርያ ለብሰው፣ የደረሰኝ ጥራዝ ይዘው። እነዚህ ልጆች ከሩቅ ታርጋ ያነባሉ። ኮድ 2 አዲስ አበባ ከሆነ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ እንግዳ ነዋ! «ጋሼ፣ እዚህ ጥላ አለልዎት» ይላሉ። መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር ግን አክብሮቱ ይቀራል። ሽማግሌ ይሁን ባለሥልጣን ለሁሉም አንድ ነው፤ «ና፣ ና፣ ና! ስበረው! መልስ! በቃ!» አገሩ ሁሉ አንቱ የሚላቸው ሰው አንተ ተብለው የማይቀየሙት እዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ ሲጠፋ «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» ተብሎ ማዕረጉ ይመለሳል።

ጥላው ግን ባለቤት አለው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ለዓሣ ሾርባ የወረደ ሰው እሰየው ብሎ ዛፍ ሥር ያቆማል፤ ዛፉ ላይ አባ ኮዳ አለ። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስ፣ ራሰ በራ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል ወፍ ነው፤ ከዓሣ አራጆቹ የሚጣለውን የሆድ ዕቃ እየጠበቀ ቀኑን ይውላል። ሙቀት ሲበረታበት በገዛ እግሩ ላይ ኩሱን እየለቀቀ ራሱን ያቀዘቅዛል። ለገዛ እግሩ ያልራራ ለሰው መስተዋት ሊራራ ነው? ባለመኪናው ሾርባውን ጨርሶ ሲመጣ ባልዲና ጨርቅ የያዘ ልጅ ቀድሞት ቆሟል። ወፉና ልጁ የተፈራረሙት ውል እንደሌለ መገመት ይቻላል፤ ሥራቸው ግን በደንብ የተያያዘ ነው።

የማቆሚያ ሒሳብ ጣጣ የዛሬ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የማቆሚያ ቆጣሪ የተተከለው ሐምሌ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ነው፤ ሐሳቡ የጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው የካርል ማጊ ሲሆን፣ የሱቅ ሠራተኞች የገበያተኛውን ቦታ ቀኑን ሙሉ ይዘው ስለዋሉ ነው ነገሩ የመጣው። የሰዓት ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ሕግ ጭራሽ መኪና የሚገዛ ሰው ማቆሚያ እንዳለው አስቀድሞ እንዲያስመሰክር አደረጉ። ሐዋሳ ላይ ቢሆን የዛፍ ካርታ የሚጠየቅ ይመስላል። ዶናልድ ሹፕ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ መኪና ከዕድሜው 95 በመቶውን ቆሞ እንደሚያሳልፍ ጽፏል። እንግዲህ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያ ሁሉ ትምህርት ለቀሪው 5 በመቶ ነበር ማለት ነው።

አዲስ አበባ መፍትሔውን ከምድር በታች ፈልጋለች፤ ሰኔ 2013 የተመረቀው መስቀል አደባባይ ለ1,400 መኪና ማቆሚያ ይዟል። ፀሐይም አባ ኮዳም አይደርሱበትም።

ሐዋሳ ግን በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ስንት ምድር ቤት ቢቆፈር የሚበቃት አይመስልም። ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ የሚጎርፈው የምእመን መኪና የቤተ ክርስቲያኑን አደባባይ ዙሪያውን ሞልቶ ወደ ሰፈር ውስጥ ይገባል። የታኅሣሡ ጥላ ሲፈልግ የሐምሌው ጭቃ ይሸሻል። ያን ዕለት ደንብም፣ መስመርም፣ ዋጋም ይላላል። ስለት አድርሶ የሚመለስ ሰው ሒሳብ ሲጠየቅ ይደነግጣል።

«ደረሰኙ ላይ ያለው እኮ ይህ አይደለም።»

«ደረሰኙ የታተመው ከንግሡ በፊት ነው ጋሼ።»