«ምን ሆኜ?»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ብቅ ያለ ሰው ይህ ትዕይንት አያመልጠውም። ካርድ አውጥቶ አግዳሚ ላይ ወረፋ ለሚጠብቀው ሕዝብ አንዲት ሲስተር ቆማ የዕለቱን ትምህርት ትሰጣለች። ስለ ሕፃናት ክትባት ስታወራ እናቶች ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ስለ ስኳርና ደም ግፊት ስታነሳ ሽማግሌዎች እጃቸውን እያወጡ ይጠይቃሉ። «ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆናችሁ እናቶች፣ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንሰጣለን» ያለች እንደሆነ ግን አግዳሚው በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን መመርመር ይጀምራል። አንዷ ደፋር ብቻ ትመልሳለች።

«እኔስ ደህና ነኝ፣ እህቴ።»

«እሰይ፣ ምርመራውም ለደህና ሰው ነው።»

«ደህና ከሆንኩማ ምን ሆኜ ልመርመር?»

ክርክሩ እዚህ ላይ ይዘጋል። «ምን ሆኜ?» መልስ ተፈልጎ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ መዝጊያ ነው።

ሕመም እየገፈተረ ካልወሰደን በቀር ሐኪም ደጅ አንረግጥም። ጥርስ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ካላስለቀሰን አይነቀልም። ካንሰር ደግሞ ይህን ጠባያችንን ያጠና ይመስል አጀማመሩ ላይ አያምም። ጡት ላይ የሚወጣው እባጭ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ሴትየዋ እየዳበሰች «አያመኝም እኮ» ትላለች፤ ጎረቤቷ «ካላመመሽማ ምንም አይደል፣ ወተት ቋጥሮ ይሆናል» ብላ ታጸናላታለች። የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች አሥር ዓመት ያለፋት ሴት ከየት አምጥታ ወተት እንደምትቋጥር የሚጠይቅ የለም።

«ምን ሆኜ» የማይባልበት ምርመራ አንድ ብቻ ነው፤ የቪዛ። ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄደው ልጅ፣ ዲቪ የደረሰው ወጣት፣ ልጆቿ አሜሪካ የጠሯት እናት፣ ቀጠሮ ሳያዛንፉ ይገኛሉ። ደም ስጡ ሲባሉ ይሰጣሉ፣ ለራጅ ደረታችሁን ግለጡ ሲባሉ ይገልጣሉ። አንዳቸውም «ደህና ነኝ እኮ» ሲሉ አልሰማሁም። ለኤምባሲ ጤንነታችንን በማኅተም እናረጋግጣለን፤ ለራሳችን ሲሆን በቃል እንተማመናለን።

የማኅፀን በር ካንሰርን ያህል አስቀድሞ የሚያስታውቅ ጠላት ያለ አይመስለኝም። መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይህን ያሳየው ጀርመናዊው ሐራልድ ዙር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሞበታል። ቫይረሱ ገብቶ፣ ሴሎችን ለዋውጦ፣ ካንሰር እስኪሆን የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ኤችአይቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ሃያ ዓመት! የሐበሻ ቀጠሮ እንኳ ይህን ያህል አይራዘምም፤ እኛ ግን ለሃያ ዓመት ቀጠሮም እናረፍዳለን።

ምርመራው ራሱ ከሚወራለት ጋር አይመጣጠንም። ሲስተሯ በጥጥ ነክራ የምትቀባው ሰላጣ ላይ በምንጨምረው አቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ ነው፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ተበጥብጦ። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታየም ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ቢላ የለ፣ አልጋ ይዞ መተኛት የለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ የምትወስድበት የኤችፒቪ ምርመራ አለ። ለሠርግ ፀጉር ለመሠራት ግማሽ ቀን ካስክ ውስጥ የምንቀመጥ ሰዎች ለዚህ ጊዜ አጣን።

እርግጥ ነው፣ ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው ሲባል አግዳሚው ላይ ሌላ ፍርሃት ይወርዳል። «ተገኘብኝ ብዬ ቤት ብገባ፣ ከየት አመጣሽው ቢለኝስ?» ፍርሃቱ ውሸት አይደለም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ጥያቄው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ግን ግንኙነት የጀመረ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህን ቫይረስ ያገኘዋል፣ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ከ15 ዓመት በፊት የገባን ነገር ማን እንዳመጣው ሽማግሌ ተቀምጦም አይለይም። እንዲያውም መዝገቡ ቢገለጥ ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ሳይለዋወጡ አይቀሩም። ለልጃገረዶች ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመርም «ሊያመክኑብን ነው» የሚለው ወሬ ከክትባቱ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር። ወሬ በእኛ አገር ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም።

ወደ ጡቱ ልመለስ፤ እዚያ ላይ ያለን ፍልስፍና ይበልጣል። «ቢላ ከነካው ይበተናል» እንላለን። መርፌ ከነካውም ያው ነው። ይህ እምነት እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እትዬ እገሊት እባጩን ዳብሳ ካገኘችው ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መጀመሪያ ጠበቀች። ከዚያ ጸበል ገባች፤ ይሁንላት፣ ካህኑም ሐኪም ቤት አትሂጂ አላላትም። ከዚያ ሞሪንጋ፣ ከዚያ ጥቁር አዝሙድ በማር። ከዚያ «መድኃኒት የሚያውቅ ሰው» ተገኘና አንድ ነገር ቀባላት፤ ቆሰለ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደች። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ በሽታው ሳንባዋ ደርሶ ተገኘ፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ለቅሶ ቤት የተሰጠው ፍርድ አጭር ነው። «ደህና ነበረች እኮ፤ መርፌ ሲነኩት ነው የተበተነው።» መጠበቁም፣ ማሩም፣ የተቀባውም ነገር በነጻ ተለቀቁ። ጥፋተኛ የተባለችው መጨረሻ ላይ የደረሰችው መርፌ ብቻ ናት።

እንግዲህ ከዚያ ለቅሶ የተመለሰች ሌላ ሴት፣ ማታ ልብሷን ስትቀይር ሽምብራ የምታህል ነገር እጇ ላይ ብትገባ ወዴት ትሄዳለች? ወደ ማሩ ነዋ! ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ደረጃ ሦስትና አራት ሲሆን ነው። ዘግይተን ደርሰን የምንሞተው ሞት፣ ለሚቀጥለው ሰው የመዘግየት ማስረጃ ይሆነዋል። በጊዜ ደርሳ፣ ተቀድዳ፣ ኬሞዋን ጨርሳ የዳነችው ሴትስ? እሷም ለቅሶ ቤት ከጎናችን ተቀምጣለች። ግን ስሙን መጥራት ስለማትፈልግ አትመሰክርም። ሟቾች ይመሰክራሉ፣ የዳኑት ዝም ይላሉ፤ ፍርዱም በአንድ ወገን ምስክር ይሰጣል።

ጥፋቱን ሁሉ ሕመምተኛ ላይ መከመር ደግሞ ነውር ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ፣ ማሽኑ እስኪጠገን ጠብቁ መባል ዛሬም በየቦታው አለ። በዚህ መሐል የሚንከራተት ሰው ላይ አልቀልድም። የምቀልደው ወረፋው ረጅም መሆኑን እያወቀ መጨረሻ ለመሰለፍ በሚጠብቀው ላይ ነው።

ወንዶቹን እንዳንረሳቸው። ጋሼ ሥጋ ቤት ተሰይመው ቁርጣቸውን አዘዋል፣ ሲጋራቸውን ለኩሰዋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 እዚያ ማጨስ መከልከሉን ለጊዜው እንተወው። አስተናጋጁ ውሃ ሲያቀርብ ጠርሙሱን በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል። «ይሄ ሃይላንድ ፀሐይ ከመታው ካንሰር ነው አሉ።» ውሃውን ትተው ቢራቸውን ይቀጥላሉ። ከሃይላንዱ በኋላ የፈረንጅ ዶሮ፣ ዋይፋይና ደረት ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ስልክ በየተራ ይከሰሳሉ። ሲጋራውና መጠጡ ዳኛ ሆነው ተቀምጠዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮልን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ትምባሆ ቀድሞታል። የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የአንጀትና የጡት ካንሰር መዝገብ ውስጥ መጠጥ ስሙ አለ። ለጋሼ ይህን ቢነግሯቸው «አጎቴ ሲያጨስ ሲጠጣ ዘጠና ዓመት ኖሯል» ይላሉ። በአርባ ስምንት ዓመቱ የተቀበረው ሌላው አጎት አይነሳም።

ለቡና ወዳጆች የምሥራች አለኝ። ያው ኤጀንሲ ቡናን ለዓመታት ሲጠረጥረው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ከጥርጣሬው አውጥቶታል። ደስታችንን ሙሉ እንዳናደርግ ግን በዚያው ዓመት ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን፣ ቡናም ይሁን ሻይ፣ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ጋር መደበው። የተያዘው ቡናው ሳይሆን ትኩሳቱ ነው። አርሲና ባሌ ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መብዛቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ ተመራማሪዎችም ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥን ከሚጠረጥሯቸው መሐል አስገብተዋል። ታዲያ አቦል እንደተቀዳ «ትንሽ ይብረድልኝ» ብለው ይሞክሩት እስቲ፤ ቡና አፍይዋ ታኮርፋለች።

በሌላው ጫፍ ደግሞ «ፉል ቼክአፕ» የሚሉ አሉ። ገንዘቡ አላቸው፤ የግል ክሊኒክ ገብተው «ካንሰር የሚባለው ሁሉ በአንድ ደም ይታይልኝ» ብለው ያዛሉ። ካንሰርን ሁሉ የሚያሳይ አንድ የደም ምርመራ የለም። ለየትኛው ዕድሜ፣ ለየትኛው ፆታ፣ የትኛው ምርመራ እንደሚጠቅም ሐኪም ማማከር ግን ገንዘብ ላለው ሰው ክብር መቀነስ ይመስለዋል።

አሜሪካ ያሉትም ወገኖቻችን ብዙ አልራቁንም። እዚያ የአንጀት ካንሰር ምርመራ ከ45 ዓመት ይጀምራል፤ ኢንሹራንስም ይሸፍነዋል። የምርመራው ዕቃ በፖስታ እቤት ድረስ ይመጣል፤ ትንሽ ሰገራ ናሙና ወስዶ መልሶ በፖስታ መላክ ነው። «ሰገራዬን በፖስታ?» ይላል የሲልቨር ስፕሪንግ አበሻ፤ ዕቃውን መሳቢያ ውስጥ ይከትተዋል። ይሉኝታ ውቅያኖስ ይሻገራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስሙን የምንደብቅበት ጥበብ ነው። ዶክተሩ ውጤቱን ይዞ ሲወጣ ታላቅ ወንድም ኮሪደር ላይ ይዞት «ለእሷ እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይለዋል። ጨጓራ ነው ትባላለች። ኬሞ የሚሰጥበት፣ ፀጉር የሚያረግፍ ጨጓራ! እሷም አላጣችውም፤ ልጆቿ እንዳይደነግጡ «ጨጓራዬን ተሽሎኛል» ትላቸዋለች። ቤቱ በሙሉ ያውቃል፣ ቤቱ በሙሉ ይደብቃል። ስታርፍም ለቅሶ የመጣው ሰው «ምን ሆና ነው?» ሲል «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል።

ከዓመታት በኋላ ልጅቱ ሐኪም ፊት ትቀመጣለች። «በቤተሰብ የካንሰር ታሪክ አለ?» ትጠየቃለች። «የለም» ትላለች፤ ከልቧ ነው። እናቷ፣ እህቷ ወይም ልጇ በጡት ካንሰር የተያዘች ሴት አደጋዋ ከሌላው እጥፍ ገደማ ነው። በቤተሰብ የለም ማለትም ፈቃድ አይደለም፤ ከሚያዙት ሴቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ታሪክ የላቸውም። ግን እስከ ሰባት ቤት አያቶቹን ስም ሳያዛንፍ የሚቆጥር ሰው፣ አያቱ በምን እንደሞተች አለማወቁ አይገርምም?

እናም አንባቢዬ፣ እሑድ ቡና ሲፈላ እናትዎን ይጠይቁ። አያቴ በምን ሞተች? አክስቴስ? «ትንሽ አሟት ነበር» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ ምኗን እንደሆነና በስንት ዓመቷ እንደሆነ እስኪነግሩዎ ድረስ ይጠይቁ። የነገሩዎትን ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል።