መብራት ሲመጣ

ለቡ ውስጥ አንዱ ሰፈር መብራት ኃይል፣ ሌላው ሙዚቃ ሰፈር ይባላል። ስም ያወጣላቸው ማንም ይሁን ማን አስተዋይ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ኃይል ጣውላ መሆኑን፣ ኃይልም ያለ ዘፈን ብዙ እንደማይቆይ የገባው ይመስላል። እኔ የማዘወትረው ሻይ ቤት መብራት ኃይል ነው። ስለ ሙዚቃ የምጽፈውን ሁሉ የሰማሁት ከዚያው ተቀምጬ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ወሬው የጃኖ ባንድ ወሬ ነው። ጃኖ መቼም ዳሩ በቀይ ጥለት የተዋበ፣ በጥንት ጊዜ መኳንንት ከትከሻቸው ጣል የሚያደርጉት የክብር ልብስ ነው። ልብሱ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይዞራል፤ ጥለቱ ግን ያው ቀይ ነው። ልጆቹ ይህን ስም ይዘው፣ ሮክን ካገር ቅኝት ጋር አጋብተው፣ ሴትም ወንድም ድምፃውያን ከፊት አሰልፈው የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኤርታሌ»ን እ.ኤ.አ. በ2012 አወጡ። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ሻይ ቤታችን ውስጥ የከበሮ መቺውን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ የላስዌልን ስም በቃሉ ይዞታል። ያገር ልጅ ጎበዝ ነው ለማለት ከውጭ ምስክር ሲቆምልን አንደበታችን ይፈታል።

ኤርታሌ አፋር ውስጥ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ዝም ያለ፣ አናቱ ላይ ግን የእሳት ሐይቅ ሲንተከተክበት የኖረ ተራራ ነው። ሊያዩት የሚሄዱ ብዙዎች፣ ሊያዳምጡት የሚሄዱ ጥቂቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ገንፍሎ፣ ጎኑን ሰንጥቆ ሲፈስ «ድንገት ነው» ተባለ። በዓመቱ፣ በ2018፣ የባንዱ ሁለተኛ አልበም ወጣ። ርዕሱ «ለራስህ ነው»።

ሻይ ቤታችን ውስጥ አንድ ወጣት ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጭብጨባውን ግን ከሩቅ እለየዋለሁ። ሲዲውን ከጃኬቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ገና ሳይቀመጥ፣ «እንዲህ ያለ አልበም እዚህ አገር ተሠርቶ አያውቅም!» አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ላስቲኩ አልተቀደደም። አጠገቡ የነበሩ አዛውንትም አይተውት ኖሮ፣

«ሰማኸው እንዴ ልጄ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰምተው የሚወዱት አይደለም፤ ወደው የሚሰሙት ነው።»

«የትኛውን ዘፈን ወደድከው ታዲያ?»

«ሁሉንም!»

ይኸው ልጅ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ይህንኑ ቃል በ«ኤርታሌ» ጊዜም ብሎት ነበር። ያኛው ሲዲ አሁን የት እንዳለ ማንም አይጠይቅም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ሁለት እግሩ አጭር ነው። አንደኛው እግር ሥር «ኤርታሌ» ከነላስቲኩ ተወሽቋል።

«የፊተኛውስ?» አሉት አዛውንቱ ዝቅ ብለው እያዩ።

«እሱማ ስህተት የበዛበት ነበር።»

«እንከን የለውም ስትለን አልነበር?»

«ያኔማ አልበሙ እሱ ነበራ!»

እውነቱን ነው። ከዚህ የጠራ የሙዚቃ ሂስ እስካሁን አላነበብኩም።

ርዕሱ ላይ ግን ብዙ ተጨቃጨቅን። ልጆቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ ዘፈኑን የሰማ ይፍረድ፤ እኔ የምናገረው ስለ ሁለቱ ቃላት ነው። እናት ኮሶ ስታጠጣ «ለራስህ ነው» ትላለች። የኔታም አርጩሜ ሲያነሱ እንደዚያው። ሜትር ይዞ አጥርህን የሚለካውም ሰው፣ ለምን እንደሚለካ ስትጠይቀው፣ ቀና ሳይል የሚመልስልህ ይህንኑ ነው። የሻይ ቤቷ ባለቤት እትዬ፣ «ለራሴ ከሆነማ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ጀበናው ዞሩ።

አዛውንቱ የዋሊያስ ባንድ ዘመን ሰው ናቸው። በሰዓት እላፊው ጊዜ ባንዱ ሂልተን ይጫወት ነበር። ከእላፊው በፊት የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጫ የለውም፤ ሙዚቃውም እስኪነጋ አይቆምም።

«ወዶት ነዋ የሚያድረው!» አለ ወጣቱ።

«በሩ ከተዘጋ ወዲያ የወደደና የተቀመጠ አይለይም። ሁሉም ያጨበጭባል» አሉ።

የዘፈን ግጥም በሳንሱር እጅ በሚያልፍበት በዚያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ዋሊያስ «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አወጣ። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ ነበር። ቃል ከሌለው ዜማ ላይ ምኑ ይሰረዛል? አዛውንቱ ሸክላውን ገዝተው ሌት ተቀን ሲያስጨፍሩት መክረማቸውን አጫወቱን። «ቼ ሲባል ጋላቢዎቹ እኛ መስለን ነበር» አሉና ጀርባቸውን በቀስታ አሻሹ። ወገባቸውን ያማቸዋል።

መብራቱ የሄደው ይህን ጊዜ ነው። ሲዘፍን የቆየው የሻይ ቤቱ ስፒከር ቃሉን ሳይጨርስ ጸጥ አለ። ጨለማው ውስጥ፣ ማን እንደሚናገር በማይለይበት፣ ስለ አዲሱ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ጨዋታ ተጀመረ። «አጃቢው ከመሪው በዛ» አለ አንዱ። «ቅኝቱ ያው ነው፤ ጩኸቱ ነው የጨመረው» አለ ሌላው። ከጥግ በኩል ደግሞ «ድምፃችን አይሰማም» የሚል መጣ፤ «ድምፃቸው» ለማለት ፈልጎ ምላሱን አዳልጦት ይሆናል። ከሁሉ የገረመኝ ግን፣ «እኔ እንኳ ገና አልሰማሁትም» ያለው ሰው ነው። ድምፁ የማውቀውን ጭብጨባ ይመስላል።

መብራት መጣ። ቤቱ ባንድ ጊዜ አጨበጨበ። መብራት ሲመጣ ማጨብጨብ የሰፈራችን ልማድ ነው፤ ሂሳቡን በየወሩ የምንከፍለው እኛው ብንሆንም። ስፒከሩ ካቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመረ። በጨለማው የተናገረ ሁሉ ስኒውን አቀርቅሮ ማየት ያዘ፤ ወጣቱም ብድግ ብሎ፣ «አላልኳችሁም?» አለ።

እኔ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህም ደጋግሜ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ሲዲ መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ አጠገብ፣ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ባንድ እግሩ አሁንም ያነክሳል።