የቤት ጥንቸል የፀጉር መርገፍና የአበጣጠር ሥርዓት፦ በተጂ ከተማ ተተኳሪነት

የጥናቱ ዳራ

ተጂ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ሰበታንና ተፍኪን አለፍ ብላ የምትገኝ የኢሉ ወረዳ ከተማ ናት። ስለ ጤፏና ስለ ሽምብራዋ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ጥንቸሏ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። አፈሯ መረሬ ነው፤ ክረምት ከጫማ ጋር ተጣብቆ ሳሎን ይገባል። ጥናቱ የተካሄደባት ጥንቸል ደግሞ ነጭ ናት። በዚህም የተነሳ በአንድ ቤት ውስጥ ነጭ የለበሰ በጭቃው፣ ጥቁር የለበሰ በጥንቸሏ ይያዛል። የጥናቱ መነሻ ችግር ይኸው ነው።

የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ

የለማዳዋ ጥንቸል የዘር ሐረግ ከስፔንና ከፖርቹጋል ምድር ይመዘዛል። ሰውነቷ ፀጉር የሚለውጥበትን ወቅት በዋናነት የሚያውቀው በቀን መርዘምና ማጠር ነው። ለንደን ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል፤ ተጂ ላይ ከ1 ሰዓት ብዙም አይዘልም። ታዲያ በምን ትወቅ? አምፖል በሚበራበት ቤት የምታድር ጥንቸል ጭራሽ ወቅቱ ይምታታባትና ዓመቱን ሙሉ ስትረግፍ ልትከርም ትችላለች። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር እያንዳንዱን ጨለማ ክረምት፣ መብራቱ ሲመጣ የሚነሳውን ጩኸት ዕንቁጣጣሽ ብትለው አይፈረድባትም።

የቀኖና ክርክር

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት መድቧል፤ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። ሥጋዋን መብላትና በድኗን መንካት ተከልክሏል። በሕይወት ያለችውን ስለ ማበጠር ግን የተባለ ነገር የለም፤ ቤቱን ለሁለት የከፈለውም ይኸው ክፍተት ነው። የቤቱ አያት «የማይበላ ነገር ምን ይቀለባል?» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው «ድመትስ ይበላል እንዴ?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ እዚህ ላይ ቆሟል። የእንስሳት ሊቃውንት በበኩላቸው ጥንቸል እንደ ላም አታመሰኳም፤ ከኩሷ ለስላሳውን ለይታ መልሳ ትበላለች ይላሉ። ይህን ለአያት የነገራቸው የለም፤ ይህ ጥናትም አይነግራቸውም።

የጥናቱ ዘዴ

አራት ስልቶች ተፈትሸዋል። የመጀመሪያው ማጠብ ሲሆን፣ ሳይጀመር ቀርቷል፤ ውኃ ውስጥ የተነከረች ጥንቸል በብርድና በድንጋጤ ልትሞት ትችላለች። ሁለተኛው በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማራገፍ ነው፤ የሐሳቡ አመንጪ የጎረቤት ልጅ ሲሆን ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ጥንቸል ስትያዝ የኋላ እግሮቿ ካልተደገፉ በራሷ እርግጫ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለችና። ሦስተኛው በሚዶ ማበጠር ነው፤ ቆዳዋ ስስ በመሆኑ ሹል ጥርስ ይቧጭረዋል።

የተረፈው አራተኛው ነው፦ ጥንቸሏን ጭን ላይ አስቀምጦ፣ መዳፍን በውኃ አርሶ፣ ከአንገት ወደ ጅራት መላልሶ መዳበስ። በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ሲነቀል እፍኝ እፍኝ እያለ የሚወጣው ፀጉር ከደጋን የወረደ ባዘቶ ይመስላል። ከሥሩ አዲሱ ፀጉር አጭርና አንጸባራቂ ሆኖ ይታያል፤ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ጀርባዋን አቋርጦ የሚሄደው መስመር በየቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ልጁ ይህን ሲሞክር አያት ለጥቂት ጊዜ ከሩቅ ታዘቡ። ዕድሜያቸውን ጥጥ ሲፈለቅቁና ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው። «እንዲህ አይደለም፤ አምጣት ወዲህ» አሉ። በሩ መዘጋቱን አረጋግጠውም ጀመሩ።

ግኝት

አንደኛ፦ የጥንቸል ፀጉር አይጠፋም፤ አድራሻ ይለውጣል። ከጥንቸሏ ወደ ጋቢ፣ ከጋቢ ወደ ነጠላ፣ ከነጠላ ወደ ቡና ሲኒ ይዛወራል። ነጠላ ለብሶ የሄደው ለቅሶ ቤት ድረስ ይደርሳል።

ሁለተኛ፦ ቤተሰቡ ያላበጠረውን ጥንቸሏ ራሷ እየላሰች ትውጠዋለች። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የዋጠችው በመጣበት አይመለስም፤ ወደፊት መጓዝ አለበት። ለዚህም ሆዷ ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፤ ሆዷን የሚያሠራው ድርቆሽ ነው። ሱሉልታ በምትታወቅበት በዚያ ድርቆሽ ማለት ነው። መብል ትታ፣ በጠጥም ሳትጥል ከዋለች ነገሩ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ምክንያት ልጁ በየማለዳው በጠጥ እየቆጠረ ለቁርስ ገበታ ሪፖርት ያቀርባል።

ሦስተኛ፦ የጥንቸሏ ባለቤት ልጁ፣ ወጪዋን ሸፋኝ አባት፣ አበጣሪዋ ደግሞ ወደ ቤት እንዳትገባ የተቃወሙት አያት ናቸው። አያት ከተቃውሟቸው ዝንፍ አላሉም፤ የሚቃወሙት እያበጠሩ ነው።

የጥናቱ ውስንነት

መረጃው ተሰብስቦ ሲያበቃ በጎጆዋ ጥግ ትልቅ የፀጉር ክምር ተገኘ። ፀጉሩ ከጀርባ ያልሆነ፣ ከደረትና ከሆድ የተነጨ፣ ከጭድ ጋር ተጎንጉኖ የተነጠፈ ነው። ይህ መርገፍ አይባልም። እንስት ጥንቸል ልትወልድ ስትል ለልጆቿ የምታነጥፈው ነው። ሳታረግዝም ያረገዘች መስሏት እንዲህ የምታደርግበት ጊዜ አለ። ሆኖም የእርግዝናዋ ጊዜ ወደ 31 ቀን መሆኑ፣ ሻጩ «ሴት ናት» ብሎ የማለላት የጎረቤት ጥንቸል ባለፈው ወር በእንግድነት መሰንበቷም ከግምት ገብቷል።

የውሳኔ ሐሳብ

ባለድርሻ አካላት ቡና ላይ ተሰብስበው የሚከተለውን አቅጣጫ አስቀምጠዋል። የልጁ ባለቤትነት ይቀጥላል። የአያት ተቃውሞም ማበጠራቸውም ይቀጥላል። የሚወለዱት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ ዘመዶች በፍትሐዊነት ይከፋፈላሉ። ለዘመዶች ስልክ ተደውሏል፤ ወሬው ቀድሞ ሳይደርሳቸው አልቀረም፣ እስካሁን ያነሳ የለም።