የዛፍ ስኳርና የአብሽ ሽታ

«ሽሮፕ» ሲባል ብዙ ሰው የሳል መድኃኒት ትዝ ይለዋል። የሜፕል ሽሮፕ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፓንኬክ ላይ የሚፈስ የዛፍ ስኳር ነው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ሜፕል የተባለው ዛፍ ግንድ ይበሳና ፈሳሹ ይጠራቀማል። ጠብ የሚለው ነገር መልኩ ውሃ ነው፤ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ስኳር ስላለበት ቀማሹ ጣፋጭነቱን ይጠረጥራል እንጂ አይምልበትም። 40 ሊትር ያህል ሲንተከተክ ውሎ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል፤ የቀረው እንፋሎት ነው። ገዢው በዋጋው የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ከዓለም ምርት ከ70 በመቶ በላይ የሚወጣባት የካናዳዋ ኬቤክ ሽሮፑን ለክፉ ቀን እንደ እህል ታከማቻለች። እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 ሌቦች ከአንድ መጋዘን 3,000 ቶን ያህል ሰርቀው ከበርሜሎቹ አንዳንዶቹን ውሃ ሞልተውባቸዋል። ወተት ሻጭ ብቻ ይታማል!

ለኬክ 1 ኩባያ ስኳር በ3/4 ኩባያ ሽሮፕ ይተካል። ሽሮፑ ራሱ ፈሳሽ ስለሆነ ከወተቱ ወይም ከውሃው 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይቀነሳል፤ ቶሎ ስለሚያጠቁርም የምድጃው ሙቀት ዝቅ ይላል። ይህን የዘነጋ ጋጋሪ ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ገንፎ የሆነ ኬክ ያወጣል።

አመጋገባቸውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ሽሮፑን የሚወዱት «ተፈጥሯዊ» ስለሆነ ነው። ማንጋኒዝ አለው፤ ሐሰት አይደለም። ግን ሁለት ሦስተኛው ስኳር ነው፤ 1 የሾርባ ማንኪያው 50 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከማርና ከገበታ ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ ፓንኬኩን በሽሮፕ የሚያጥብ ሰው ከስኳር የተጣላው ለይስሙላ ነው።

መዓዛው ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አፍንጫ እንግዳ አይደለም። ሶቶሎን የሚባለው ውህድ አብሽ ውስጥም ስላለ፣ አስመስለው የሚሠሩት የበቆሎ ሽሮፕ ላይ የአብሽ ጭማቂ የሚጨምሩ አሉ። ከ2005 ጀምሮ ኒው ዮርክ አልፎ አልፎ ሜፕል ሜፕል ስትሸት ነዋሪዎቿ «ምን ተረጨብን?» እያሉ ስልክ ይደውሉ ነበር። በ2009 ምንጩ ሲገኝ ከወንዝ ማዶ ኒው ጀርሲ ውስጥ አብሽ የሚያቀነባብር ፋብሪካ ሆነ። አብሽ ጠጥቶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ምስጢር አጠገቡ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ፊት ላይ ያነበው ነበር።