ይግባኝ ከማለትህ በፊት ይግባህ

ሰውየውን ሳታውቁት አትቀሩም። ለንደን ውስጥ ሦስት ሐበሻ ቡና ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ አራተኛው እሱ ነው። ሒሳብ ሲመጣ ግን ሦስት ናቸው። «የፓርኪንግ ቅጣት» የምትል ቃል ጆሮው ከገባች ስኒውን አስቀምጦ ይነሣል። «ምን አባታቸው! እንግሊዝ አገር ማንም ማንንም አይቀጣም። የ1689 ሕግ አለ። ማግና ካርታ አለ። ቅደደውና ጣለው!» እሺ ጋሽ ካርታ፣ እስቲ መሐል ግባልን። ሰዎች፣ ክብ ሥሩለት። አይዞህ፣ እዚህ ለቆመ አይከፈልም።

ከካርታህ እንጀምር። ዓመቱ 1215፣ በፈረንጅ። (በእኛ ከቆጠርከው አንተ በሰባት ስምንት ዓመት ታንሳለህ እንጂ ቅጣትህ አይቀንስም።) ንጉሥ ጆን ከባላባቶቹ ተጣልቶ፣ ራኒሚድ ሜዳ ላይ በማኅተሙ ያጸናው ሰነድ ነው። አንቀጽ 61 የምትላት፣ ንጉሡ ቃሉን ካጠፈ 25 ባላባቶች ንብረቱን ይያዙበት ትላለች። አንተ ከ25ቱ ስንተኛው ነህ? በኪራይ ፕሪየስ የሚዞር ባላባት አይተን አናውቅም። አንቀጿስ ብትሆን በ1216 ሰነዱ ሲታደስ ተዘላ ቀርታለች። ጊዜው ካለፈ 800 ዓመት የሞላው ወረቀት ይዘህ፣ «ሃያ ደቂቃ ቢያልፍብኝ ምን አለበት» ብለህ ታኮርፋለህ። ከዚያ ሰነድ ውስጥ ለፓርኪንግ የሚቀርበውን ልንገርህ? የዓሣ ወጥመድ ከቴምዝ ወንዝ ላይ ይነሣ የሚለው ነው። አየህ፣ ያኔም መተላለፊያ የዘጋ ሰው «አንሣ» ነው የተባለው። ካርታ ከወደድክ ኮንከር ተጫወት። እዚያ ቢያንስ ጆከር ዋጋ አለው።

ወደ 1689 እንለፍ። ከፍርድ በፊት ቅጣትና ንብረት መውረስ ከንቱ ነው የሚል ሐረግ የመብቶች ሕጉ ውስጥ አለ። አልዋሸህም። ያነበብከው ግን አንድ መስመር ነው፤ የዘለልከው 300 ዓመት። ፓርላማው ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠጣ የኖረ መሰለህ? እሱ አንተ ነህ። በ2004 በወጣው የትራፊክ ማኔጅመንት ሕግ መሠረት የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የሚለጥፍብህ የፓርኪንግ ቅጣት የወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ካልተስማማህ ገለልተኛ ዳኛ ዘንድ ቀርበህ ትከራከራለህ። ያውም በነፃ። ፍርዱ አለ፤ የቀረኸው አንተ። የ1689ን ሐረግ ይዘው ዳኛ ፊት የቆሙም ነበሩ። ይዘው እንደገቡ ይዘው ወጡ።

«ደብዳቤው ላይ ስሜ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈ እኔ አይደለሁም» ያልክ ዕለት ግን እጅ ነሣሁህ። በትልቅ ሲጻፍ ድርጅት፣ በትንሽ ሲጻፍ ሰው ነው አልከን። በየትኛው ፊደል ነው የተማርከው? ሀ ሁ ትልቅና ትንሽ የለውም እኮ! የኔታ ዘንድ ሀ ሁሌም ሀ ናት። በአንተ ሕግ ከሄድን ሐበሻ በሙሉ ገና አልተወለደም።

«ደግሞ እኔ አልነዳም፤ እጓዛለሁ።» ሹፌር የሚባለው ለንግድ የሚነዳ ብቻ ነው ብሎሃል፣ ያ የምታየው ቪዲዮ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ። አንተ እኮ ታክሲ ነው የምትሠራው! የራስህ መከራከሪያ ራስህን አሰረህ። እስቲ «ይነዳል» የምትለዋን ቃል ላልቶም ጠብቆም አንብባት። ሲላላ፣ አንተ መኪናውን። ሲጠብቅ፣ አንተ በቪዲዮው።

«ፖሊስ ያለ ምክንያት አያስቆመኝም።» ያስቆምሃል። የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 163 አለልህ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ቁም ካለህ ትቆማለህ። ምክንያት ጠይቀህ አይደለም፣ ፍሬን ይዘህ። ክርክርህ ፍሬ ባይኖረው መኪናህ እንኳ ፍሬን ይኑረው። መንጃ ፈቃድ ሲልህ ታሳያለህ፤ ካልያዝክ በ7 ቀን ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ታቀርባለህ። ጉራህን ሳትጠየቅ ትነፋለህ፣ የትንፋሽ መመርመሪያውን ንፋ ሲሉህ ግን «መብቴ ነው፣ አልነፋም»። በሕግ ተጠይቆ አለመንፋት ራሱ ወንጀል ነው። ኢንሹራንስ ከሌለህ ደግሞ መኪናውን ይወስዱታል። ያኔ «እጓዛለሁ» ያልከው እውነት ይሆናል። በአውቶቡስ።

ቀልዱን ለአፍታ ላቁመው፤ ማቆም የተፈቀደበት ቦታ ነው። ጥቁር ሹፌር ሰማያዊ መብራት በመስታወቱ ሲያይ ሆዱ የሚባባው በከንቱ አይደለም። መንግሥት ራሱ በየዓመቱ የሚያወጣው አኃዝ፣ በሕዝብ ብዛት ሲሰላ ፖሊስ ከነጮች ይልቅ ጥቁሮችን አብዝቶ እንደሚፈትሽ ይናገራል። ነገር ግን ማስቆም ሌላ፣ መፈተሽ ሌላ። ሴክሽን 60 እንደሚሉት ያለ ልዩ ፈቃድ ለአካባቢው ካልተሰጠ በቀር፣ ያለ በቂ ጥርጣሬ ኪስህንም ሆነ ኮፈንህን አይበረብርም። ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደጠረጠረህ፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ ሊነግርህ ይገባል። የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ መጠየቅ ትችላለህ። እነዚህን ረጋ ብለህ ጠይቅ፣ የሰውየው ቃና ሲለወጥ ታየዋለህ። አንተ ግን አንገትህን በመስኮት አውጥተህ ስለ ንጉሥ ጆን ትሰብካለህ። ፖሊሱም ጎንበስ ብሎ «ጆን ማነው? ከኋላ ያለው?» ይልሃል።

አሁን ደግሞ «የግል ኩባንያ ወረቀት ሕጋዊ አይደለም» ልትለኝ ነው። ካውንስሉም ፒ ሲ ኤን የሚባል ወረቀት ይለጥፋል፣ የግል ኩባንያውም ፒ ሲ ኤን ይለጥፋል። ፊደሉ አንድ፣ አባቱ ሁለት። የካውንስሉ በሕግ የተደነገገ ቅጣት ነው፤ የኩባንያው ግን ምልክቱን አይተህ ስታቆም ገባህበት የሚልህ የውል ዕዳ። (መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው ብዬ ለማንም አልምልም።) ቤቪስ የሚባል የኤሴክስ ቺፕስ ሻጭ እንዳንተው አለ። ቼምስፎርድ ውስጥ 2 ሰዓት በነፃ በሚቆምበት ቦታ 56 ደቂቃ አሳለፈና 85 ፓውንድ ተጠየቀ። አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ። በ2015 ከሰባት ዳኞች ስድስቱ ፈረዱበት። ቺፕስ ጠባሹ ተጠበሰ። ግን ጀግና ነው። እሱ የተሸነፈው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ አንተ ያሸነፍከው ቡና ቤት።

«እንግዲያው ማን እንደነዳው አልናገርም!» አትናገራ። አንተ ዝም ስትል ማየት ለኛም በዓል ነው። ብቻ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ2012ቱ ሕግ ወዲህ፣ ኩባንያው የጊዜ ገደቡንና ሥርዓቱን ከጠበቀ መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው ይጠየቃል። ያው ሕግ በግል መሬት ላይ ጎማ መቆለፍን ከልክሎልሃል። ጎማህ ተፈታ፣ ስምህ ታሰረ።

ሰበብህስ! «አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ ነበር።» አራት ፍሬቻ ማብራት ዋርደኑን ከሩቅ መጥራት ነው። «ሁለት ቢጫ መስመር ብቻ ነው እኮ።» ሁለት ቢጫ ስንት እንደሆነ አርሴናል ሲጫወት ታውቀዋለህ። «ልቅሶ ልደርስ ነው።» መኪናህ ሲጎተት ልቅሶው አንተው ዘንድ መጣ። «የአክስቴ ብሉ ባጅ አለ።» አክስትህ ለገና አዲስ አበባ ናቸው፤ ባጃቸው ሺሻ ቤት በር ላይ ምን ይሠራል? በሰው የአካል ጉዳተኛ ባጅ መገልገል እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ከዚያ ለአክስትህ ከምትነግራቸው ሰበብ ደግሞ ማንም ዳኛ አያድንህም።

«ዝም ካልካቸው ይተዉታል» ላልከው ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ለንደን፣ ቀይ መስመር ላይ ስታቆም 160 ፓውንድ። በ14 ቀን ከከፈልክ 80። ዝም ብለህ ከከረምክ 240። ከዚያ ፍርድ ቤት ይመዘገባል፤ ቀጥሎ ዕዳ አስከፋዩ ቤይሊፍ ከነክፍያው በርህን ያንኳኳል። ክስ ናቅክ፣ ኪስህ ከሳ። ቤይሊፍ እንደኛ እንግዳ አይደለም። ቡና በሉኝ አይልም። ቴሌቪዥንህን ግን ያያል፣ ሳይከፍተው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ይሄ ሰውዬ አንዳንዴ እውነት አለው! ባለፈው ያሳየን ቅጣት ላይ ምልክቱን ቅጠል ሸፍኖታል። መስመሩ ጠፍቷል። የከፈለበት ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ ነው። ከፍሎ ካቆመ፣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ እፎይታ እንዳለውም አያውቅም። ሦስት ፎቶና አራት መስመር ጽሑፍ ይበቃው ነበር። በ14ቱ ቀን ውስጥ ቢከራከር፣ ካውንስሉ ባይቀበለው እንኳ ብዙውን ጊዜ የግማሹን ዋጋ ዕድል ይመልስለታል። እሱ ግን አሥራ ሁለት ገጽ ጻፈ። በገጽ አንድ ንጉሥ ጆን፣ በገጽ አምስት ባላባቶቹ፣ በገጽ ዘጠኝ «እኔ እኔ አይደለሁም»። ስለ ቅጠሉ አንድ ቃል የለም!

በል አሁን ተቀመጥ፣ ቅጹን አብረን እንሙላው። ቅጠሉን ፎቶ አንሥተኸዋል? ጥሩ። ደረሰኙስ? ጥሩ። እስክሪብቶውን ያዝ። የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል? «ሙሉ ስምዎን በትልልቅ ፊደል ይጻፉ።»