አንድ ትሪ ዓሣ ናፈቀን

ድግስ መጠራት እያደከመን መጣ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ሰው ይህን ሲናገር መስማት ይከብዳል፤ ግን ወዳጆቻችን ሁሉ በየቡናው ላይ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ጥር ሲገባ ድንኳን የማይጣልበት መንደር የለም፤ የመጥሪያ ካርድ በየቀኑ ይመጣል። ድሮ ካርዱ ሲደርሰን «የማን ልጅ ናት? ማንን አገባች?» እንል ነበር። አሁን ዓይናችን የሚሮጠው ወደ ታች፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር መጻፍ አለመጻፉን ለማየት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ የሚጠብቀን ሰልፍ ነው። ሳህን ይዘን እንሰለፋለን፤ ቀዩ ላይ አልጫው፣ አልጫው ላይ ሰላጣው፣ ሰላጣው ላይ ሩዙ ይደፋበታል። ከዚያ ፊታችንን ወደ ሙሽሮቹ መድረክ አዙረን በረድፍ በተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ሳህኑ ጭናችን ላይ ነው፣ የታሸገው ውኃ እግራችን ሥር ነው፤ ከዓመት በኋላ ያገኘነው ጓደኛችን ደግሞ ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ። አምስት ስድስት ሆኖ አንድ ትሪ መክበብ ቀርቷል። «በሞቴ» የሚባባል ሰው ቀርቷል። አሳላፊው ወጥ ይዞ እየዞረ «እዚህ ጋ ጎደለ፣ ጨምሩ» ማለቱ ቀርቷል። ያ ሰው ሥራው ወጥ መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ማን እንዳልበላ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የትኛው አዛውንት ሥጋው እንደጠነከረባቸው የሚያይ ዓይን ነበር። ብፌ ዓይን የለውም፤ ተሰልፎ ለመቆም ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ልጅ ካላነሣለት ጦሙን ይውላል።

ካሜራው ሌላ ጣጣ ነው። ሙሽራው ለሙሽሪት ያጎርሳል፤ ካሜራማኑ «አልተያዘም፣ ድገሙት» ይላል። ይደግማሉ። እናትየው ሲያጎርሱም ይደገማል። ሰው የወደደውን ሲያጎርስ አንዴ ነው እጁ የሚንቀጠቀጠው፤ በሦስተኛው ሥራ ይሆናል። እንግዳውም ከዚህ አይድንም። የቪዲዮው መብራት ፊታችን ላይ በርቶ ሳለ እጃችንን ወጥ ውስጥ መክተት እናፍራለን፤ መብራቱ እስኪያልፍ የያዝነው ጉርሻ ይቀዘቅዛል።

ሞንታርቦውንስ ምን እንበለው? ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች አንዱ የዚህን ምድር ስም ይዞ አምባሰል ተብሏል፤ ማሪቱ ለገሰ በዚያ ድምፅዋ አገር ያሰማችው ይህንኑ ነው። የአምባሰል ሰው ሲድር ግን ከድንኳኑ ማዶ በቆመው ድምፅ ማጉያ የሚመጣው ደረት የሚደልቅ ምት ነው። ማሲንቆ የያዘ ሰው ቢመጣ እንኳ አይሰማም። ጎን ለጎን ተቀምጠን በምልክት እናወራለን፤ ጨዋታ ፈልገን ሄደን ጉሮሯችን ነቅቶ እንመለሳለን።

ይህ ሁሉ በየከተማው ያለ ምሬት ነው ይባል ይሆናል። ወሎ ላይ ግን የሚያንገበግበው ሌላ ነገር አለ። እዚህ ድግስ ሁለት ጓዳ አለው። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና በጉን ወይም በሬውን ያስረክበዋል፤ ጎረቤትየው በራሱ ሥርዓት ያርዳል፣ በራሱ ድስት ያሠራል፣ ሙስሊሙን እንግዳ እሱ ያስተናግዳል። ደጋሹ ሙስሊም ሲሆንም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ይደረጋል። ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ይጠመቃል። የመረዳጃ ማኅበራችን የቅሬው ድንኳንና ድስት የሁሉም ነው። ይህ ብዙ ልፋት ነበረው፤ አስቀድሞ መነጋገር፣ ማማከር፣ ማመን ይፈልግ ነበር። ምግቡ ለኮንትራት አብሳይ ከተሰጠ ወዲህ ግን ወጪ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ሁለተኛው ጓዳ እየሆነ ነው። «ለእነሱ የጾሙ ይበቃል» ይባላል። አብሮ አደጋችን፣ ያለ እሱ ሰርጉ ሰርግ የማይሆነው ሰው፣ በሽሮና በድንች ተሸኝቶ ይሄዳል። ቅር ማለቱን አይናገርም። እኛ ግን እናውቃለን፤ እሱም ማወቃችንን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጥሪ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ነው የሐይቅ ዓሣ ነገር እንዲህ የሚቆረቁረን። ሥጋ ከሆነ ማን አረደው ይባላል። ዓሣ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። ሁለቱም ሃይማኖት ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ሐይቁ ዳር የሚደረሰው ለዚህ ነበር፤ ሰይድም ገብሬም የተባለ ሁሉ እጁን ታጥቦ አንድ ትሪ ከብቦ ይቀመጣል፤ ጎኑ በቢላ የተተለተለ ቆሮሶ እንዳለ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይመጣል፤ እሾሁን እየለቀሙ መጎራረስ ነው። ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ለወሎ ማዕድ ከተደረጉት መልካም ነገሮች ይህን የሚያህል ብዙ አናውቅም።

አሁን ዓሣው አነሰ። ይህን ለማወቅ ጥናት አያሻም፤ ትሪውን ማየት ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደውን ይዞት ይወጣል። ሐይቁ ስፋቱ ወደ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ መውጫ የለውም። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ሳህን ላይ ተኝቶ ሲቀርብ እኛም እናዝናለን፣ አቅራቢዋም ታፍራለች። ደህና ደህናው በጠዋት ተጭኖ ወደ ደሴ ይሄዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ሁሉ ወጣ፤ የሚጠበስበት ዘይትም ጭምር። ትሪ ከመክበብ ይልቅ «ለእኔ ግማሽ፣ ለእሱ ግማሽ» እያልን ማዘዝ ጀመርን፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እሾህ እንለቅማለን።

በጾም ሰሞን ደግሞ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አለ። እሱን ለአባቶች እንተወው። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ገቡ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስንት ዘመን ይጠበቃል? የአንዱን ማፍጠሪያ ከሌላው ማታ ጋር አገጣጥሞ በቴምርና በሾርባ አብሮ ለመቀመጥ ከዚህ የበለጠ ምን ምቹ ጊዜ ነበር? ጥቂት ቤቶች አደረጉት። የቀረነው በየቤታችን በራችንን ዘግተን በላን።

ማሩም እንዲሁ ነው። አምባሰል በማሩ የተጠራ አገር ነው፤ በገመድ ገደል ወርዶ ማር የሚቆርጠው ሰው በሕዝብ ዘፈን ሳይቀር ይነሣል። ያ ማር ጌሾ ገብቶበት ጠጅ ይሆናል፣ በውኃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ብርዝ ይሆናል፤ አንዱ ማሰሮ ለሁለቱም እንግዳ ይበቃል። ዛሬ ገበያ ወጥቶ ስኳር ያልገባበት ማር መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ብርዙ ሲቀርብልን ቀምሰን ዝም እንላለን። ደጋሹም እንደ እኛው ተታሎ የገዛው ነውና ምን ይባላል? በዚህም ተማሮ ሳጥን ለስላሳ ያስወርዳል፤ ቀሪቦ መጥመቅ የሚያውቁ እናቶች ድንኳን ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ጠርሙስ ይከፈትላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መንገዱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌንና ሐይቅን አልፎ ደሴ ሲገባ ብዙ ቤት ጎተራውንም ድስቱንም አጣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሙሽራ ይዘገያል፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መድረሱ አይታወቅም፤ የመጣውም ሳይመሽ ልግባ ብሎ ቡናው በረካ ሳይደርስ ይነሣል። ለዚህኛው ደጋሹን አንወቅስም፣ አብሳዩንም አንወቅስም። የምናማርረው ግን በዚሁ ምክንያት ነው፤ መገናኘት ይህን ያህል ብርቅ በሆነበት ጊዜ፣ ስንት ኬላ አልፎ የመጣውን ወዳጅ ፊቱን ወደ ካሜራ አዙረን ጭኑ ላይ ሳህን አስይዘን መስደድ እንዴት አስቻለን?

ለመጪው ጥር የምትደግሱ ወዳጆቻችን፣ ዓይነቱን ቀንሱት። ስድስት ዓይነት ወጥ አልጠየቅንም። ሁለተኛውን ጓዳ ግን አትዝጉብን፤ በግ መግዛት ካልተቻለ ዓሣም ቢሆን አስጠብሱና በትሪ አቅርቡልን፣ እንክበበው። አቅሙ ከሌለ ቆሎና ቡና ይበቃናል፤ ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱአው፣ ተቀምጠን ስናድር በዚያው ነው የምናነጋው። ሞንታርቦውን ደግሞ ምግቡ እስኪበላ እባካችሁ ዝጉት፤ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሦስት ጊዜ ጠይቆን ሦስት ጊዜም አልሰማነውም።